ከሳቢያን ወደ ከዚራ፣ በህዋ በኩል

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ አጎቴ ደወለልኝ። አጎቴ ስልክ የሚያነሳው ለሁለት ነገር ነው፤ ወይ ሰው ሲሞት፣ ወይ ቴሌቪዥኑ ሲሞት። የዚያን ቀን ሁለተኛው ነበር። "አቦ! ዝናቡ መውረድ ከመጀመሩ ሥዕሉ ድርቅ አለና ጠፋ" አለኝ። የከተማችንን፣ የድሬዳዋን ዜና እያየ ነበር። ከዚያ ቶሎ መልስ ያጣሁለትን ጥያቄ ጠየቀኝ። "ጣቢያው እዚሁ ድሬ። እኔም እዚሁ ድሬ። መሃላችን ያለው የባጃጅ መንገድ ነው። ዜናው የት ሄዶ ነው በዝናብ የሚመታው?"

"ሰማይ ሄዶ ነው" አልኩት።

"ስንት ይርቃል?"

"36 ሺህ ኪሎ ሜትር።"

ትንሽ ዝም አለ። "ታዲያ ለምን በባጃጅ አይልኩልኝም?"

(አጎቴን በአንተ ማናገሬ የሚደንቀው አንባቢ ካለ፣ ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም ገበያ የለውም።)

ሳቄ ካለፈ በኋላ ጥያቄው ከራሴ አልወጣ አለ። ልክ ነዋ! ሳቢያን ሰፈር የተቀረጸ ነገር ከዚራ ሰፈር ላለ ሰው የሚደርሰው በህዋ ዞሮ ነው። "የአካባቢ ቴሌቪዥን" የምንለው ነገር ከሁሉም ቴሌቪዥን እኩል ሩቅ መንገድ ይጓዛል። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ለማስረዳት ግን ከዲሽ ሳይሆን ከአንቴና መጀመር አለብኝ።

ቴሌቪዥን ኢትዮጵያ ውስጥ የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ቀኑም ታስቦበት የተመረጠ ነው፤ ጥቅምት 23፣ የንጉሡ የዘውድ በዓል። ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። በሙያው የረዳው ቶምሰን የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት ነው። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፣ ሰዓቱ አጭር፣ ተመልካቹም አዲስ አበቤ። ድሬ እንግዲህ ባቡር በ1895 የደረሰላት ከተማ ናት። አዲስ አበባ የባቡር ፉጨት የሰማችው በ1909 ነው፣ ከ14 ዓመት በኋላ። በቴሌቪዥን ግን ተራው ተገለበጠ፣ ጠባቂዋ እኛ ሆንን።

ያስጠበቀን ሞገዱ ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ ጠባዩ እንደ ባትሪ መብራት ነው። ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ተራራ ሲገጥመው ዞሮ ማለፍ አይችልበትም። ርቀቱ ሲበዛ ደግሞ ምድር ራሷ ክብ ስለሆነች ከሥሩ ትሸሸዋለች። አዲስ አበባና ድሬ በመንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ፣ መሃላቸው ደግሞ ጋራ በጋራ ነው። ስለዚህ አንድ ማማ አይበቃም። ከፍታ ቦታ ላይ አንድ ጣቢያ ይተከላል፣ እሱ የሰማውን አጉልቶ ለሚቀጥለው ይልካል፣ የሚቀጥለውም እንደዚያው። እንደ ዕድር ጡሩምባ በሉት። አንዱ ሰፈር የሰማውን ለሌላው ይነፋል። መሃል ላይ አንዱ ነፊ እንቅልፍ ከወሰደው፣ ከሱ ወዲያ ያለው ሰፈር በሙሉ ቀብር ያመልጠዋል።

ወደ ሐረር ስትወጡ ነገሩ ይብሳል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900። በመንገድ ቢበዛ 55 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ደንገጎ የሚባለው ጋራ መሃል ላይ ቆሟል። ደንገጎን በሚኒባስ የወጣ ሰው ጆሮው ሲደፈን ያውቀዋል። የሰው ጆሮ ከደፈነ ሞገዱንማ እንዴት ያሳልፈዋል! ሜዳው ላይ ያለ ማሰራጫ ሐረርን አያይም፣ የሐረሩም ድሬን አያይም። ይሄን ያዙልኝ፣ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

የአንቴና ዘመን ልጆች ሥራችን ጣሪያ ላይ ነበር። አንዱ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ዘንጉን ያዞራል፣ ሌላው በር ላይ ቆሞ ያስተላልፋል፣ አባወራው ከውስጥ ይፈርዳል። "አሁንስ?" "ትንሽ ወደ ግራ!" "አሁን?" "መጣ! መጣ! ... ኧረ ሄደ፣ መልሰው!" የድሬ ቆርቆሮ ፀሐይ ከገባችም በኋላ ምጣድ ነው። ባዶ እግሩን የወጣ ልጅ ሥዕሉ ቢጠራም ባይጠራም "ይበቃል" ይላል። ቀለም የመጣው በ1977 ዓ.ም. መባቻ ነው፣ የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ ሲመሠረትና አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር። ቴሌቪዥኑ ራሱ ድሬ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በጅቡቲ በኩል የመጣ ነበር። በየትኛው በር ገባ ተብሎ ደግሞ የድሬ ሰው አይጠየቅም።

ያ ሁሉ ልፋት ግን የአዲስ አበባን ሥዕል ለማየት ነበር። ድሬ ራሷ በቴሌቪዥን የምትታየው ወይ ትልቅ እንግዳ ሲመጣባት፣ ወይ ጎርፍ ሲመጣባት ነው። ካሜራው ትከሻ የሚሰብር፣ ዋጋውም ኪስ የሚሰብር ዕቃ ነበር። የተቀረጸው ካሴት በአውሮፕላን ወይ በአውቶቡስ ተልኮ፣ እዚያ ታይቶ፣ ተቆርጦ፣ ወረፋ ይጠብቃል። የሰኞው ነገር ሐሙስ ቢታይ ዕድለኛ ነን። የራስ ጣቢያ ይኑረን ብሎ ማሰብማ ሀብት ይጠይቅ ነበር። ካሜራ፣ የካሴት ማቀናበሪያ፣ ማሰራጫ፣ ማማ፣ ጄነሬተር ... ይሄ ሁሉ ተሟልቶም የሚያገኙት አንድ ቻናል ነው። በአናሎግ ጊዜ አንድ ማሰራጫ አንድ ሥዕል ብቻ ነበር የሚሸከመው።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ሁለት ነገር፣ አንዱ ዕቃው፣ አንዱ ሕጉ።

የዕቃውን ሁላችሁም በዓይናችሁ አይታችሁታል። ካሜራው አነሰ፣ ካሴቱ ካርድ ሆነ፣ ማቀናበሪያው አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ድሮ አንድ ክፍል ሙሉ ዕቃ የሚፈልገውን ሥራ ዛሬ ሰርግ የሚቀርጽ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ይሠራዋል። ሥዕሉም ወደ ቁጥር ተቀየረ። ቁጥር ደግሞ ይጨመቃል። አንድ ቻናል ይዞት በነበረው ቦታ ብዙ ቻናል መግባት ቻለ። ይሄ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል እንጂ፣ ትናንሽ ጣቢያዎችን የወለዳቸው እሱ ነው።

ሕጉ ደግሞ እንዲህ ነው። በ1991 የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178 የብሮድካስት ፈቃድ የሚሰጥበትን መንገድ ከፈተ። በ1999 አዋጅ ቁጥር 533 መጣና አገልግሎቱን በሦስት ከፈለው፤ የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 አሁን ያለንበት ነው። "የሕዝብ" የሚለው ቃል ሰው ያደናግራል። ትርጉሙ በመንግሥት በጀት የሚቆም፣ ተጠሪነቱ ለምክር ቤት የሆነ ጣቢያ ማለት ነው። የፌዴራሉ ለፌዴራል፣ የክልሉ ለክልል።

አሁን ድሬን እዩ። ድሬ ክልል አይደለችም፣ ግን በማንም ክልል ሥርም የለችም። በ1996 በወጣው የቻርተር አዋጅ ቁጥር 416 ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ፣ የራሷ ምክር ቤትና የራሷ በጀት ያላት አስተዳደር ናት። ሐረሪ ደግሞ ራሱን የቻለ ክልል ነው። ሁለት አስተዳደር፣ ሁለት ምክር ቤት፣ ስለዚህ ሁለት የብዙኃን መገናኛ መሥሪያ ቤት። እዚህ ድሬ ቲቪ፣ እዚያ የሐረሪው። ለእንግዳ ሰው ግራ ይገባል፤ ጠዋት እዚህ ቁርስ በልቶ ለምሳ ጀጎል ግንብ ሥር በሚደረስበት ርቀት ሁለት የቴሌቪዥን ጣቢያ ምን ይሠራል? መልሱ ከሞገድም ከተመልካች ቁጥርም አይገኝም፣ ከሕገ መንግሥቱ ካርታ ነው የሚገኘው።

ምክንያቱም ተመልካቹ ብዙ አይደለም። በ1999ኙ ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ነበር። የሐረሪ ክልል 183,415። ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፣ ያም ሆኖ ማስታወቂያ ብቻ ቴሌቪዥን የሚያኖርበት ገበያ አይደለም። የሙሸበክ ጣፋጭ ነጋዴ ለ30 ሴኮንድ ማስታወቂያ ስንት ይከፍላል? ስለዚህ በጀት ያኖረዋል። በጀት ሲያኖረው ደግሞ የሚሆነው የታወቀ ነው። ካሜራም እንደ ዲሽ ነው፣ ሲግናል ወደሚመጣበት ይዞራል። በመላው አገሪቱ የክልልና የከተማ ጣቢያዎችን ስከፍት አዳራሽ፣ የታሸገ ውኃ የተደረደረበት ጠረጴዛና ማስታወሻ የሚይዝ ሰው የማይበት ጊዜ ከበዛ ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ጋዜጠኞቹ ሌላ ነገር መሥራት አቅቷቸው አይደለም። ለሽንኩርት ዋጋ መኪና አይመደብም፣ ለስብሰባ ይመደባል።

ለትንሽ ጣቢያ ግን ሌላ ወጪም አለ፣ ሰው ብዙ የማያስበው፤ ቋንቋ። የድሬው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይሠራል። የሐረሪው ሐረሪኛን ይዞ ኦሮምኛና አማርኛ ይጨምራል። አንድ ዜና ሦስት ጊዜ ይጻፋል፣ ሦስት ጊዜ ይነበባል፣ ሦስት ሰው ይፈልጋል። 300 ሺህ ሰው የሚያየው ጣቢያ በሥራ ብዛት ሦስት ጣቢያ ነው። የሚገርመው ደግሞ የድሬ ሰው ራሱ እንዲህ ተከፋፍሎ አያወራም። በአማርኛ ጀምሮ፣ በኦሮምኛ ተከራክሮ፣ በሶማልኛ ይምላል፣ ያውም በአንድ ትንፋሽ። እንደዚያ የሚያወራ የዜና ፕሮግራም ቢኖር ከሁሉ በፊት እኔ እከፍተው ነበር። ሌላ አገር ማንም አይገባውም ይሆናል። የአካባቢ ማለትስ ያ አይደል? ለማንኛውም ሐረሪኛ ዋና ቤቱ አንድ ግንብ ውስጥ የሆነ ቋንቋ ነው። አዲስ አበባ ያለ የንግድ ጣቢያ በየቀኑ በሐረሪኛ ዜና የሚያነብበት ምክንያት የለውም። ያን የሚያደርገው የክልሉ ጣቢያ ነው፣ ለኔ ከስብሰባው ሁሉ በላይ በጀቱን የሚያስከብረው ይሄ ነው።

እንግዲህ ወደ ህዋው።

ጣቢያው ዜናውን ሠራ እንበል። ለተመልካች ለማድረስ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የድሮው ነው፣ ማማ ተክሎ በመሬት ማሰራጨት። እሱ ደንገጎን ይገጥማል። የአስተዳደሩ ገጠር ቀበሌዎችም በየሸለቆው ውስጥ ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ጥግ አንድ ማጉያ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ተራራ ሊጋርደው ከማይችል ቦታ ላይ ማሰራጨት ነው። ከላይ።

ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ሳተላይት ምድር በምትዞርበት ፍጥነት አብሯት ይዞራል። ስለዚህ ከታች ለሚያይ ሰው የቆመ ይመስላል። ዲሻችሁን አንዴ አስተካክላችሁ በብሎን የምታስሩት ለዚህ ነው። ሳተላይቱ እየሮጠ ቢሆን ኖሮ አጎቴ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ በዋለ ነበር። የጣቢያው ሥዕል በፋይበር ወይ በሌላ መስመር ወደ ላኪው ትልቅ ሳህን ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይተኮሳል። ሳተላይቱ ይቀበለዋል፣ ፍሪኩዌንሲውን ቀይሮ መልሶ ወደ ታች ይረጨዋል። ሲመለስ የሚረጨው ለድሬ ብቻ አይደለም፤ ለመተማም ለሞያሌም እኩል ነው። ዲሹ የረገበውን ሞገድ ይሰበስብና ፊቱ ላይ ወዳለው ኤል ኤን ቢ የሚባል መቀበያ ያንጸባርቃል፣ ያ በገመድ ወደ ሪሲቨር ይወርዳል። ደርሶ መልስ ከ72 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጊዜው ግን የአንድ ሴኮንድ ሩብ አይሞላም። ቀጥታ ኳስ ስታዩ ሬዲዮ የሚሰማው ጎረቤት ቀድሟችሁ "ጎል!" የሚለው ታዲያ በዚህ አይደለም። ሥዕሉን መጭመቅና መፍታት ነው ሰከንዶቹን የሚበላው።

ውድ አይደለም ወይ? ሙሉ ሳተላይት ቢሆንማ አይታሰብም። ሙሉ ሚኒባስ ኮንትራት መያዝ አለ፣ አንድ ወንበር መክፈል አለ። ሥዕል ስለሚጨመቅ በአንድ መስመር ብዙ ጣቢያ አብሮ ይሳፈራል፣ እያንዳንዱ የያዘውን ቦታ ይከፍላል። ሥዕሉ እጅግ የጠራ ይሁን ያለ ሁለት ወንበር ይይዛል። ለአንዲት ከተማ ጣቢያ አንድ ወንበር ይዞ አገር ማዳረስ፣ በየጋራው ማማ ተክሎ ከመጠበቅ ይልቅ የሚሻል ሒሳብ ሆነ። የከተማው ጣቢያ ወደ ህዋ የወጣው እንዲህ ነው። ልታይ ብሎ አይደለም፣ መሬቱ አላሳልፍ ብሎት ነው።

አሁን የዲሽ መዞር ታሪክ። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ለብዙ ጊዜ ይታዩ የነበረው እኛ ናይልሳት በምንለው ቦታ ነበር፣ ከግሪንዊች በስተምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ። ከድሬ ሆናችሁ ሲታይ ወደ ምዕራብ ነው፣ ከአድማሱ 33 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ። ያኔ ከሳቢያን እስከ መጋላ ጣሪያ ላይ የነበረው ዲሽ ሁሉ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ ያዞረ ይመስል ነበር። በ2013 ጣቢያዎቹ ጠቅልለው ወደ ኢትዮሳት ገቡ። ይሄኛው በስተምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው። ከድሬ ሲታይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ 69 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ፣ ማለትም አናታችን ላይ ሊሆን ምንም አልቀረው። ያን ሰሞን መሰላል ያለው ሁሉ ዲሽ ሠሪ ሆነ። ዲሾቹ አንድ በአንድ አንገታቸውን ከምዕራብ መልሰው ወደ ሰማይ ቀና አሉ።

"ለምን አንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤል ኤን ቢ አናስርም?" ያለ ሰው ብዙ ነበር። የህንድ ፊልምና የዓረብ ቻናል የለመደ ቤት፣ ድሬ ውስጥ ደግሞ ያልለመደ የለም፣ ናይልሳትን መተው ከበደው። ግን አይሆንም። በሁለቱ ቦታዎች መሃል 64 ዲግሪ አለ። አንድ ዲሽ ተጠጋግተው ያሉ ሳተላይቶችን አብሮ ሊያይ ይችላል። አንዱን ወደ ምዕራብ፣ አንዱን ወደ አናት ማየት ግን አንድ ዓይን በር ላይ አንድ ዓይን ጣሪያ ላይ እንደማድረግ ነው። ስለዚህ ሁለት ዲሽና አንድ ስዊች።

ስሙ ደግሞ ብዙ ሰው ያሳሳተ ነገር አለው። ኢትዮሳት የኢትዮጵያ ሳተላይት አይደለም። ኤን ኤስ ኤስ 12 የሚባል፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሉክሰምበርግ የሆነው ኤስ ኢ ኤስ የተባለ ኩባንያ ንብረት ነው፤ የተመጠቀው በጥቅምት 2002 ነው። ኢትዮሳት የሚባለው እሱ ላይ የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ከኩባንያው ጋር ሆኖ ያቋቋመው የጋራ መድረክ ነው። ሚኒባሱ የሌላ ሰው ነው፣ ታፔላው የኛ ነው። ታኅሣሥ 2012 ከቻይና የተመጠቀችው የራሳችን ሳተላይት ሌላ ናት። እሷ ምድርን ፎቶ ለማንሳት የተላከች፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እየበረረች በቀን ብዙ ጊዜ የምትዞር ናት፤ የቴሌቪዥን ሥራ የላትም። የሻይ ቤት ክርክር ላይ ሁለቱ ሲደባለቁ ስንቴ ሰምቻለሁ። ናይልሳት የግብፅ ስለሆነ፣ መዛወሩም ከግድቡ ክርክር ጋር ስለተገጣጠመ፣ "ከግብፅ ሳተላይት ወጣን" የሚለው ስሜት ከቴክኒኩ ይልቅ ጎልቶ ወጣ።

በዝናብ የሚመታበትም ቦታ ይሄው ነው፣ አጎቴ። ዲሻችን የሚቀበለው ሞገድ የአንዱ እርዝመት 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያን ያህል አጭር ሞገድ የዝናብ ጠብታ ይበላዋል፣ ይበትነዋል። የኤፍ ኤም ሬዲዮ ሞገድ ግን ወደ 3 ሜትር ይረዝማል፣ ጠብታውን ጉዳዬ አይለውም። የድሮው አንቴና ዝናብ ላይ ጨክኖ የሚቆመው በዚሁ ምክንያት ነበር። ሌላም ልዩነት አለ። ድሮ ሲግናል ሲደክም ሥዕሉ ይንጫጫል፣ ይዥጎረጎራል፣ ግን ሰውየው ምን እንዳለ ይሰማል። ዲጂታል እንዲህ ዓይነት መሃል ቤት የለውም። እስከ አንድ ነጥብ ድረስ ፍጹም ጥርት ያለ ነው፣ ከዚያ ሲወርድ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይሆንና ጸጥ። አጎቴን የማጽናናበት ነገር ቢኖር የአሁኑ ሳተላይት አናት ላይ መሆኑ ነው። ሞገዱ ዝናቡን ሰንጥቆ የሚወርደው አጭር መንገድ ነው። በናይልሳቱ ዘመን በአግድም ስለሚመጣ ብዙ ዝናብ ማለፍ ነበረበት። ዲሹ ከተነቃነቀ ወይም ጠባብ ከሆነ ግን ይሄም አያድነውም።

ጉዳዩ የአጎቴ የማታ ዜና ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀልድ ባለፍኩት ነበር። ግን እኛ ደቻቱ ወንዝ ዳር የምንኖር ሰዎች ነን። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ነው የወሰደው። ደቻቱ አመሉ ክፉ ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ሰው ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ዝናቡ የሚጥለው ግን ላይ ደጋው ላይ ነው። እዚህ ሰማዩ ኮከብ እያሳየ፣ ውኃው እላይ ተነስቶ እየመጣ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዓይነት ከተማ የአካባቢ ጣቢያ ማለት ምን እንደሆነ በአንድ ነገር ብጠየቅ፣ "ከወንዙ ራቁ" የሚለው ቃል ከውኃው ቀድሞ፣ በሦስቱም ቋንቋ እንዲደርስ ነው እላለሁ። ከዲሽ የሚመጣ ሥዕል ደግሞ ዝናቡ እኛም ጋ በጣለ ሰዓት አብሮ ይጠፋል፣ መብራቱም ይሄዳል። ያን ሌሊት የሚሠራው በባትሪ ያለችው ሬዲዮ ናት። ስልክም አለ፣ ቻርጅ ካለው። ድሬም ሐረርም የራሳቸው ኤፍ ኤም አላቸው። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ሬዲዮዋን መሳቢያ ውስጥ የወረወራችሁ መልሳችሁ አውጧት።

ሦስተኛ መንገድም አለ፣ ዲጂታል የመሬት ሥርጭት። ድሮ እንደነበረው ማማና አንቴና ነው፣ ግን አንድ ማሰራጫ እንደ ሳተላይቱ ብዙ ቻናል ይሸከማል። አገሮች በ1998 ጄኔቫ ላይ ተስማምተው አናሎግን የሚተዉበትን ቀን ሰኔ 2007 ብለው ቆርጠው ነበር። ቀኑ ካለፈ ቆየ። እዚህ ዛሬም "ቴሌቪዥን" ሲባል ሰው የሚያስበው ዲሽ ነው። ደንገጎ አናት ላይ የሚቆም ማማ ድሬን ከላይ ያያታል፣ ሐረርም ሐኪም ተራራ አላት። ጋሬጣ ብለን የረገምነው ጋራ ለዚህኛው መንገድ ማማ መትከያ ነው። ያኔ የሳቢያን ዜና ከዚራ የሚደርሰው ደንገጎን ነክቶ ነው፣ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ። ለባጃጅም ይቀርባል።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ለአጎቴ አስቀድሜ የነገርኩት። በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። ዲሹ ሳተላይቱን ሲያይ ፀሐይንም አብሮ ያያል፣ ፀሐይ ደግሞ ራሷ ኃይለኛ አስተላላፊ ናት፣ ጩኸቷ ሥዕሉን ይውጠዋል። ለጥቂት ቀናት፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ። ለድሬና ለኢትዮሳት ሲሰላ አንዱ መጋቢት መጀመሪያ ሳምንት ላይ ይውላል፣ ሌላው ልክ በመስቀል ሰሞን፣ ሁለቱም ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ።

የመስቀል ማግስት ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ደመና የለም፣ ሰውም አልሞተም።

"ስንት ሰዓት ነው?" አልኩት።

"ለአምስት አምስት ጉዳይ።"

"ዲሹን እንዳትነካው። ቡናህን ጠጣና ተመለስ።"